አንድ ደመወዝ፣ ብዙ ዋጋ፦ የግብርና ሱፐርቫይዘሩ ብር በከላላ፣ በደሴና በአዲስ አበባ

በፊዚክስ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ለተማሪዎቻችን ደጋግመን የምንነግራቸው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም መለኪያ አሃድ የሌለው ቁጥር ትርጉም እንደሌለው ነው። «የጠረጴዛው ርዝመት ሁለት ነው» ብሎ የጻፈ ተማሪ ሁለት ሜትር ይሁን ሁለት ክንድ ካልገለጸ ነጥብ አያገኝም። ይህንኑ ሕግ ግን ከመማሪያ ክፍሉ ወጥተን ስለ ደመወዝ ስንነጋገር እንዘነጋዋለን። «በወር 11,500 ብር ይከፈለዋል» ስንል አሃዱን የጠቀስን ይመስለናል፤ ብር ብለናልና። ዳሩ ግን ብር እንደ ብረት ዘንግ ርዝመቱን ጠብቆ የሚኖር መለኪያ አይደለም። ከቦታ ቦታና ከጊዜ ወደ ጊዜ እንደ ላስቲክ ይሳባል፤ ይሰበሰባልም። ከላላ ላይ የሚለካውና አዲስ አበባ ላይ የሚለካው ነገር መጠኑ አንድ አይደለም።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሳሳን በቤታችን የተነሣ ጥያቄ ነው። በደቡብ ወሎ፣ በከላላ ወረዳ በግብርና ሱፐርቫይዘርነት የሚሠሩ፣ በዕድሜ የሚበልጡን የአክስታችን ልጅ ለጉዳይ አዲስ አበባ መጥተው ከእኛ ዘንድ ሰንብተው ነበር። በከተማ ግብርና ዘርፍ ተመሳሳይ የሥራ መደብ ሊያገኙ እንደሚችሉ ገልጸውልን «አንተ ቁጥር ታውቃለህ፤ እስቲ የቱ ይሻለኛል?» ሲሉ ጠየቁን። እኛም ብዙ ሳናስብ «ጋሼ፣ ደመወዙ ያው ነው፤ እዚህ ኑሮ ውድ ነው፤ እዚያው ቢቆዩ ይሻላል» አልን። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ታዲያ እዚያ ርካሽ ከሆነ ስለ ምን ወሩን አያደርሰኝም?» አሉ። መልሳችን ችኩል እንደነበረ የተረዳነው ያን ምሽት ወረቀትና እርሳስ ይዘን ማስላት ስንጀምር ነው።

አስቀድመን ስለ ሙያው ጥቂት እንበል። በሀገራችን የግብርና ኤክስቴንሽን አሠራር መሠረት በየቀበሌው በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት የሠለጠኑ የልማት ሠራተኞች ይመደባሉ፤ በአካባቢው ከሚገኙት መካከል ብዙዎቹ እንደ ኮምቦልቻው ባሉ የግብርና ኮሌጆች የተማሩ ናቸው። ሱፐርቫይዘሩ የጥቂት ቀበሌዎችን ልማት ሠራተኞች የሚከታተል፣ በወረዳው ጽሕፈት ቤትና በገበሬው ማሳ መካከል የሚመላለስ ባለሙያ ነው። በከላላ፣ በቦረናና በወግዲ ደጋ ይህ ማለት ከአምባው ሜዳ ወደ ሸለቆው ቀበሌ በእግር ወርዶ እንደገና መውጣት ማለት ነው። የጫማ ዋጋ በዚህ ሰው ኑሮ ውስጥ ያለው ቦታ ቢሮ ተቀምጦ ከሚውለው ሰው የተለየ መሆኑን እዚህ ላይ ልብ ይሏል።

ደመወዙ የሚወሰነው በመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ስኬል ነው። ከመስከረም 2018 ዓ.ም ጀምሮ ተግባራዊ በሆነው ማሻሻያ መሠረት የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። የሱፐርቫይዘር ደረጃ ከጀማሪ ከፍ የሚል ቢሆንም፣ ስሌቱን ለማቅለል ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ሳይቆረጥለት ይህንኑ 11,500 ብር እንውሰድ። ጭማሪው 66 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ይሁን እንጂ በሁለቱ ደመወዞች መካከል ባለፈው ጊዜ ዋጋ በስንት እንደጨመረ ካላወቅን 66 በመቶው ራሱ ባዶ ቁጥር ነው። ይህ በጊዜ ውስጥ ያለው የላስቲኩ መሳብ ነው፤ «የዋጋ ግሽበት» እየተባለ በየዜናው ስለሚነገርለት አንባቢ ያውቀዋል። በቦታ መካከል ስላለው መሳብ ግን ብዙም አይነገርም፤ የእኛም ትኩረት እርሱ ነው።

ዋጋ እንደ ሙቀት

ትኩስ ብረትና ቀዝቃዛ ብረት ብናገናኝ ሙቀት ከትኩሱ ወደ ቀዝቃዛው ይፈሳል። ልዩነቱ እስኪጠፋ ድረስ ፍሰቱ አይቆምም። በመካከላቸው ሙቀት በደንብ የማያስተላልፍ ነገር ብናስገባ ግን ፍሰቱ ይዘገያል፤ ልዩነቱም ይቆያል። ሸቀጥም እንዲሁ ነው፤ አቅጣጫው ግን የተገለበጠ ነው፦ ርካሽ ከሆነበት ወደ ውድ ወደሆነበት ይፈሳል። ነጋዴው ጤፍ ከከላላ ገዝቶ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ አጓጉዞ፣ ከዚያም 400 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ አዲስ አበባ የሚያወርደው የዋጋ ልዩነት ስላለ ነው። በብዙ ነጋዴ መካከል ውድድር ካለ ልዩነቱ ከማጓጓዣውና ከነጋዴው ትርፍ ብዙ ሊበልጥ አይችልም፤ ቢበልጥ ሌላ ነጋዴ ይመጣልና። መንገዱ አስተላላፊ፣ የጭነት ኪራዩም ተቃውሞ ሆኖ ያገለግላል ማለት ነው። በክረምት ጭቃ ወይም በጸጥታ ችግር መንገድ ሲቋረጥ ተቃውሞው እጅግ ይጨምራል፤ በሁለቱ ጫፎች ያለው ዋጋም እየተራራቀ ይሄዳል።

ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል። በዚያው መንገድ ላይ ሁለት ተዳፋቶች አሉ፤ አቅጣጫቸውም ተቃራኒ ነው። ጤፍ፣ ገብስ፣ ባቄላና በግ ከደጋው ወደ ከተማው ስለሚሄዱ በመነሻቸው ርካሽ፣ በመድረሻቸው ውድ ናቸው። የምግብ ዘይት፣ ሳሙና፣ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮና መድኃኒት ደግሞ ከከተማው ወደ ደጋው ስለሚወጡ ከላላ ሲደርሱ የመንገዱን ወጪ ተሸክመው ነው። «ገጠር ርካሽ ነው» የሚለው አባባል የመጀመሪያውን ተዳፋት ብቻ አይቶ የተነገረ ነው። የጋሼ ጥያቄ ከፊል መልስ እዚህ ይገኛል፤ እርሳቸው ጤፉን የሚገዙት ከመነሻው፣ ዘይቱን ግን ከመንገዱ ጫፍ ነው።

የተዳፋቱ ቁልቁለት ለሁሉም ሸቀጥ እኩል እንዳልሆነም ማስተዋል ያሻል። አንድ ኩንታል ሲሚንቶና አንድ ኩንታል ጨርቃ ጨርቅ ለመኪናው ክብደታቸው አንድ ነው፤ ዋጋቸው ግን በእጅጉ ይለያያል። በዚህም ምክንያት የማጓጓዣው ወጪ የሲሚንቶውን ዋጋ በከፍተኛ መቶኛ ሲያንር የጨርቁን ግን እምብዛም አይነካውም። በኪስ ተይዞ የሚሄድ የእጅ ስልክማ ከደሴም ሆነ ከአዲስ አበባ ቢገዛ ልዩነቱ ጥቂት ነው። ከባድና ርካሽ የሆነ ነገር ሁሉ ርቀትን አጥብቆ ይፈራል ማለት ነው።

ከሁለቱ ተዳፋቶች ውጭ የሆነ ሦስተኛ ዓይነት ዕቃ አለ፤ ፈጽሞ የማይንቀሳቀስ። የቤት ኪራይ ዋነኛው ነው። ከላላ ያለን ባዶ ክፍል በመኪና ጭኖ ወደ ቦሌ የሚያመጣ ነጋዴ የለም። ተቃውሞው መጨረሻ የሌለው ስለሆነ ልዩነቱን የሚያቻችል ፍሰት የለም፤ የኪራይ ዋጋ በከተሞች መካከል ከጤፍ ዋጋ ይልቅ እጅግ ሊራራቅ የሚችለውም ለዚህ ነው። የፀጉር አስተካካይ፣ የልብስ ሰፊና የሊስትሮ ሥራም ከዚህ ወገን ናቸው።

የማን ቅርጫት?

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። የደመወዝን እውነተኛ አቅም ለማወቅ በብር የተከፈለውን ደመወዝ ለኑሮ በሚያስፈልገው ቅርጫት ዋጋ እናካፍለዋለን፦

እውነተኛ ደመወዝ = በብር የተከፈለ ደመወዝ ÷ የቅርጫቱ ዋጋ

ብር ከላይም ከታችም ስላለ ይሰረዛል፤ ውጤቱም ስንት ቅርጫት እንደሚገዛ የሚነግር ንጹሕ ቁጥር ይሆናል። የፊዚክስ ተማሪ ይህን ሲያይ ደስ ይለዋል። ይሁንና ደስታው ብዙ አይቆይም፤ ቅርጫቱ ውስጥ ምን ይግባ የሚል ጥያቄ ይከተላልና።

እንደሚከተለው እንበል። ቁጥሮቹን የመረጥናቸው ለስሌት እንዲመቹ ነው፤ ማንም ከገበያ ዋጋ ጋር እንዳያምታታቸው። ከላላ ላይ ጤፍ በኪሎ 100 ብር፣ ዘይት በሊትር 300 ብር፣ የአንድ ክፍል ኪራይ በወር 1,000 ብር ይሁን። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ጤፍ 140፣ ዘይት 250፣ አንድ ክፍል 5,000 ብር ይሁን። የከላላው ሰው በወር 30 ኪሎ ጤፍ፣ 2 ሊትር ዘይትና ሁለት ክፍል ቤት ይጠቀማል። ከላላ ላይ የሚያወጣው 3,000 ሲደመር 600 ሲደመር 2,000፣ በድምሩ 5,600 ብር ነው። ይህንኑ ቅርጫት ሳይለውጥ አዲስ አበባ ላይ ቢገዛ 4,200 ሲደመር 500 ሲደመር 10,000፣ በድምሩ 14,700 ብር ያስከፍለዋል። ሲካፈል 2.6 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በከላላ 11,500 ብር የሚያገኝ ሰው በአዲስ አበባ ያው ኑሮ እንዲኖረው ወደ 30,190 ብር ሊከፈለው ይገባል እንላለን።

አሁን ከሌላው ጫፍ እንነሣ። የአዲስ አበባው ሰው ኑሮውን ከከተማው ጋር አስማምቷል፤ በአንድ ክፍል ይኖራል፣ 20 ኪሎ ጤፍና 5 ሊትር ዘይት ይጠቀማል። ይህ አዲስ አበባ ላይ 9,050 ብር፣ ከላላ ላይ ደግሞ 4,500 ብር ነው። ድርሻው 2.0 ብቻ ሆነ! በዚህ ስሌት የከላላው 11,500 ብር በአዲስ አበባ ወደ 23,130 ብር ይመነዘራል። ዋጋዎቹ አልተለወጡም፤ ሒሳቡም አልተሳሳተም፤ ሆኖም ሁለቱ መልሶች በ7,000 ብር ገደማ ይለያያሉ።

የመጀመሪያውን መንገድ ጀርመናዊው ኤቲየን ላስፔይረስ እ.ኤ.አ. በ1871፣ ሁለተኛውን ደግሞ ሌላው ጀርመናዊ ኸርማን ፓሼ በ1874 አቅርበውታል። ሁለቱም ዘዴዎች እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራሉ። ልዩነቱ የሚመነጨው ሰው ዋጋን አይቶ አኗኗሩን ስለሚለውጥ ነው። ጋሼ አዲስ አበባ ቢገቡ ሁለት ክፍል አይከራዩም፤ ተጣበው ይኖራሉ። ስለዚህ የላስፔይረስ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የጉዳቱን መጠን ያበዛል፤ መጣበብን ጭራሽ እንደማይቻል አድርጎ ይቆጥራልና። የፓሼ ቁጥር ደግሞ ያሳንሰዋል፤ መጣበቡን ምንም እንዳልጎዳ አድርጎ ይቆጥራልና። አሜሪካዊው ኢርቪንግ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1922 ባሳተመው መጽሐፍ የሁለቱን ጂኦሜትሪያዊ አማካይ፣ ማለትም የብዜታቸውን ስኩዌር ሩት እንድንወስድ አጥብቆ መክሯል። በእኛ ምሳሌ 2.3 ገደማ ይመጣል፤ 11,500 ብር ወደ 26,420 ብር ይሆናል ማለት ነው። እኛ ግን ከአማካዩ ይልቅ ሁለቱን ጫፎች ለአንባቢ ማሳየት እንመርጣለን። አንድ ቁጥር ብቻ የሚነግር ሰው የሰው አኗኗር አንድ ዓይነት ነው ብሎ ሳያውቀው ፈርዷል።

ተማሪዎች በራሳቸው ሊሞክሩት የሚገባ አንድ ነገር እንጨምር። ከሁለቱም ቅርጫቶች ኪራዩን ብናወጣ ውጤቶቹ ወደ 1.3 እና 1.16 ይወርዳሉ። እንግዲህ በምሳሌያችን የልዩነቱ ዋና ባለቤት ጤፉ ሳይሆን ቤቱ ነው። በአዲስ አበባ የራሱ ወይም የወላጆቹ ቤት ያለው ሱፐርቫይዘርና ተከራዩ ሱፐርቫይዘር ደመወዛቸው አንድ ሆኖ ሳለ፣ እርስ በርስ ያላቸው ልዩነት ከላላና አዲስ አበባ ካላቸው ልዩነት ሊበልጥ ይችላል።

ጣሳና ቁና

ዋጋውን ከየት እናመጣለን? ወደ ገበያ መውጣት ነው። የደጋ ገበያ ላይ ግን እህል ሁልጊዜ በኪሎ አይሸጥም፤ በጣሳና በቁና ይሰፈራል። ጣሳና ቁና የሚለኩት ክብደትን ሳይሆን ይዘትን ነው። አንድ ጣሳ ጤፍና አንድ ጣሳ ገብስ ክብደታቸው ይለያያል፤ የጤፍ ቅንጣት ደቃቅና እርስ በርሱ ተጠጋግቶ የሚቀመጥ ሲሆን የገብስ ፍሬ ሰፋፊ ክፍተት ይተዋል። እንዲያውም ያው ጤፍ ተነቅንቆ ሲሰፈርና ሳይነቀነቅ ሲሰፈር አንድ አይደለም። ሸማች እናቶች «ነቅነቅ አድርገው» የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ቁልሉስ? ሻጩ ጣሳውን አፉ ድረስ ሞልቶ በላዩ ይቆልልበታል። ቁልሉ ሾጣጣ ቅርጽ ይይዛል፤ ተዳፋቱም እህሉ ሳይንሸራተት ሊቆም በሚችልበት ማዕዘን ይወሰናል። የሾጣጣው ይዘት ከመስፈሪያው ይዘት ጋር ያለው ድርሻ የሚገኘው የአፉን ራዲየስ በተዳፋቱ ታንጀንት አባዝተን በመስፈሪያው ቁመት ሦስት እጥፍ ስናካፍል ነው። ተዳፋቱ 27 ዲግሪ ቢሆን ታንጀንቱ 0.5 ገደማ ነው። ራዲየሱ 5፣ ቁመቱ 12 ሴንቲ ሜትር በሆነ ጠባብ ጣሳ ላይ ቁልሉ 7 በመቶ ይጨምራል። ራዲየሱና ቁመቱ እኩል በሆነ ሰፊ መስፈሪያ ላይ ግን 17 በመቶ ያህል ይጨምራል። ገዢ ሆነን ስንቀርብ ሰፊ አፍ ያለውን መስፈሪያ ብንመርጥ ያዋጣናል ማለት ነው!

ነገሩ ቀልድ ብቻ አይደለም። አንድ ተመራማሪ የቁልሉን ነገር ረስቶ የጤፉን ዋጋ በ10 በመቶ ቢሳሳት፣ በከላላው ቅርጫታችን ውስጥ ጤፍ ከ5,600 ብሩ 3,000ውን ስለሚይዝ ጠቅላላ ውጤቱ በ5.4 በመቶ ይሳሳታል። የዘይቱን ዋጋ በዚያው መጠን ቢሳሳት ግን ስሕተቱ 1 በመቶ ብቻ ነው። በሀገራችን የሸማቾች የዋጋ ኢንዴክስ ውስጥ ምግብ ከግማሽ በላይ ክብደት ይዞ ይገኛል፤ ስለዚህ እህል አሰፋፈር ላይ መጠንቀቅ ግዴታ ነው። በላቦራቶሪ እንደምናደርገው ሁሉ፣ ትልቁን ድርሻ የያዘውን ነገር በጥንቃቄ እንለካ፤ ትንሹ ላይ ጊዜ አናባክን።

ደግሞም ቅርጫቱ ውስጥ የሚገባው ነገር ራሱ ከአየሩ ጋር ይለዋወጣል። ደሴና ኮምቦልቻ በመኪና መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚራራቁ የጤፍ ዋጋቸው ብዙ ሊለያይ አይችልም። በከፍታ ግን ከ600 ሜትር በላይ ይለያያሉ። ውኃ የሚፈላበት ሙቀት በየ300 ሜትሩ ከፍታ 1 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ ኮምቦልቻ ላይ 94፣ ደሴ ላይ 92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይፈላል፤ ከዚያ ከፍ ባለው ደጋ ደግሞ ያንሳል። ባቄላውና አተሩ ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ፣ ጊዜውም ብዙ ማገዶና ኩበት ይጠይቃል። የደጋው ሰው ጋቢ፣ ባናና ብርድ ልብስ ሲገዛ ለቅንጦት አይደለም። በቆላማ አካባቢ ለሚሠሩ የመንግሥት ሠራተኞች የበረሃ አበል የሚባል ክፍያ አለ፤ ብርድ ግን በዚያ ስም አይታሰብም። በሙቀት መለኪያው ላይ ሁለቱም ጫፎች ወጪ አላቸው ብለን በፊዚክስ ሰውነታችን ቅሬታችንን ብናሰማ አንባቢ ይቅር ይበለን።

ከመንግሥት ስኬል ውጭ

በግል እርሻ የሚሠራ ተቆጣጣሪ ጉዳይ በሌላ መንገድ ይሄዳል። በባቱ፣ በሆለታ ወይም በባሕር ዳር አካባቢ ባሉ የአበባ እርሻዎች ደመወዝ የሚወሰነው በስምምነት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ደንግጓል። በዚህ ዘርፍ ለንጽጽር የሚያስቸግረው በዓይነት የሚሰጠው ነገር ነው። የሆላንዱ ኩባንያ ኤች.ቪ.ኤ. በወንጂ ስኳር ማምረት ከጀመረበት እ.ኤ.አ. ከ1954 ወዲህ በስኳር እርሻዎች የመኖሪያ ቤት፣ ክሊኒክና ትምህርት ቤት ከሥራው ጋር ተያይዘው ሲሰጡ ቆይተዋል። በደመወዝ ዝርዝሩ ላይ አይጻፉም። ቀደም ሲል እንዳየነው ግን ከተሞችን አብዝቶ የሚያራርቀው ኪራይ ስለሆነ፣ ቤት የሚሰጥ እርሻ በወረቀት ዝቅ ያለ ደመወዝ ቢከፍልም ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል። ቤቱን በስንት ብር እንገምተው? ሠራተኛው በአቅራቢያው ካለ ከተማ ቢከራይ በሚከፍለው ልክ መገመት አንዱ መንገድ ነው። ሥራውን ሲለቅ ቤቱንም አብሮ መልቀቁ ግን በዚህ ግምት ውስጥ አይታይም።

የገንዘብን ላስቲክነት በራሳችን ላይ ያየነው ለዶክትሬት ትምህርት በውጭ ሀገር በቆየንባቸው ዓመታት ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሁሉንም ዕቃ ዋጋ በባንክ ምንዛሪ ወደ ብር እየለወጥን እንደነግጥ ነበር። ፀጉር ለመስተካከል የተጠየቅነውን ወደ ብር መንዝረን በሀገራችን ለዓመት እንደሚበቃን ስላወቅን ለወራት ፀጉራችንን ሳንቆረጥ ቆየን፤ ፎቶግራፋችን ይመሰክራል። ስሕተታችን ፀጉር ማስተካከልን እንደ ጤፍ መቁጠራችን ነበር፤ ድንበር ተሻግሮ የማይፈስ አገልግሎት መሆኑን ዘንግተን። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትና የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1968 የጀመሩት ዓለም አቀፍ የዋጋ ማነጻጸሪያ መርሐ ግብር ይህንኑ ለማረም የታሰበ ነው፤ ከባንክ ምንዛሪ ይልቅ የመግዛት አቅምን ያወዳድራል። ዘ ኢኮኖሚስት የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ደግሞ ከ1986 ጀምሮ ቢግ ማክ የሚባለውን ሳንድዊች በየሀገሩ ያለውን ዋጋ እያነጻጸረ ያወጣል። ዳቦው፣ ሥጋው፣ የሠራተኛው ደመወዝና የሱቁ ኪራይ በአንድ ላይ ስላሉበት ጥሩ ትንሽ ቅርጫት ነው። ለእኛ ሽሮ በእንጀራ ይህን ሥራ አይሠራም ትላላችሁ? ጤፉና ሽሮው ከደጋው ይወርዳሉ፤ ዘይቱ ከከተማ ይወጣል፤ የምግብ ቤቱ ኪራይና የአብሳይዋ ደመወዝ የትም አይሄዱም። ሦስቱም ዓይነት ዕቃዎች በአንድ ትሪ ላይ ናቸው። የአንዱን ትሪ ዋጋ በከላላ፣ በመካነ ሰላም፣ በደሴና በአዲስ አበባ በአንድ ሳምንት የሚመዘግብ ተማሪ ካለ ውጤቱን ለማየት እንጓጓለን።

ደመወዙ ከላላ፣ ወጪው ደሴ

ወደ ጋሼ ጥያቄ እንመለስ። እስካሁን ያሰላነው ሁሉ አንድ ነገር በዝምታ አስቀምጧል፤ ሰው ደመወዙን በሚኖርበት ቦታ ያወጣል ብሎ። ወረቀቱን ይዘን ከእርሳቸው ጋር ወጪያቸውን አንድ በአንድ ስንዘረዝር ይህ ግምት ትክክል አልነበረም። የመጀመሪያ ልጃቸው ደሴ ክፍል ተከራይታ ትማራለች። የባለቤታቸው ሕመም ከፍ ያለ ምርመራ በፈለገ ጊዜም የሄዱት ደሴ ነው። የሐኪም ቤቱ ዋጋ ለደሴ ነዋሪም ለእርሳቸውም አንድ ቢሆን፣ እርሳቸው በላዩ የመኪና፣ የማደሪያና ከሥራ የሚቀሩበትን ቀን ይጨምራሉ።

በምሳሌያችን ላይ የልጅቱን ክፍል በ3,000 ብር እንጨምር። የከላላው ወጪ ከ5,600 ወደ 8,600 ብር ከፍ ይላል። ቤተሰቡ አዲስ አበባ ቢኖር ልጅቱ ከቤት እየወጣች ትማራለችና ያ ወጪ የለም፤ ስለዚህ 14,700ን ለ8,600 እናካፍላለን። ውጤቱ 1.7 ሆነ። በአንድ ክፍል ኪራይ ብቻ የከላላ ጥቅም ከ2.6 ወደ 1.7 ወረደ። «ስለ ምን ወሩን አያደርሰኝም?» ለሚለው ጥያቄ ከሁሉ የሚቀርበው መልስ ይህ ነው። የገጠሩ ደመወዝ ርካሹን ዕቃ በርካሽ ይገዛል፤ ነገር ግን ትምህርትንና ሕክምናን የመሰሉ ከባድ ወጪዎች በከተማ ዋጋ፣ ከነመንገዳቸው ይከፈላሉ። ስኬሉን በመላ ሀገሪቱ አንድ ማድረግ በወረቀት ላይ እኩልነት ነው፤ በኑሮ ላይ ግን ልዩነቱን የሚወስነው ሠራተኛው ቤት አለው ወይስ የለውም፣ ልጁስ ስንተኛ ክፍል ደርሷል የሚለው ነው።

በተቃራኒው ወገን ደግሞ እኛ ያልቆጠርነውን ጋሼ ራሳቸው አስታወሱን። ከአባታቸው የወረሱት ጥቂት መሬት ገብስ ይሰጣቸዋል፤ በጎችም አሏቸው። ለልጅቱም በየወሩ ጤፍና በሶ በአውቶቡስ ይልኩላታል። በኛ ቋንቋ ሲተረጎም፣ ነጋዴው የሚወስደውን ትርፍ ለራሳቸው አስቀርተው ጤፍን በከላላ ዋጋ ደሴ ላይ ያደርሳሉ። ይህ ሁሉ በደመወዝ ዝርዝር ላይ የለም፤ ወደ አዲስ አበባ ቢዛወሩ ግን ወዲያው ይቋረጣል።

በመጨረሻ በወረቀታችን ላይ የቀረው ከ1.7 እስከ 2.6 የሚዘልቅ ሰፊ ክልል ነበር፤ መሬቱን ስንጨምር ወደ ላይ፣ የሕክምናውን ምልልስ ስንጨምር ወደ ታች ይንቀሳቀሳል። ጋሼ ወረቀቱን ተቀብለው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ልጅቱ እስክትጨርስ ከላላ እንደሚቆዩ፣ ታናሽ ወንድሟ ተራው ሲደርስ ግን እንደገና እንደምናሰላው ነገሩን። በማግስቱም ወደ መርካቶ አብረናቸው ሄድን፤ 20 ሊትር ዘይት በጀሪካን ገዝተው ወደ አውቶቡስ ተራ ሸኘናቸው።